ከካቡ ጀርባ ያለው ሰው

አባቴ አጥብቆ የሚጠላው አንድ ሰው ነበር። ሰውየውን በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ የት እንደሚኖር ግን አውቅ ነበር። ከቤታችን ጀርባ፣ ጓሯችንን ከገብሱ ማሳ በሚለየው የድንጋይ ካብ ማዶ ነው። አባቴ ከሞላሌ ገበያ ሲመለስ አንዳንድ ቀን ቤት ሳይገባ፣ ፈረሷን እንኳ ሳያራግፍ፣ በቀጥታ ወደዚያ ይሄድና ሰውየውን ይቆጣዋል።

«አንተ ሞኝ!» ይለዋል። «አንተ የማትረባ! ዓይንህ እያየ? ስንት ጊዜ ነው የሚነገርህ? ልጅ አለህ፣ ሚስት አለችህ፤ አታፍርም?»

ሰውየው አይመልስም። እኔን የሚገርመኝ ይኼ ነበር። በሰፈራችን ሁለት ሰው ሲጣላ ሁለቱም ይጮኻሉ። ይኼኛው ግን የተባለውን ሁሉ ጸጥ ብሎ ይቀበላል። ጥፋቱ ቢበዛ ነው፣ እል ነበር።

ዛሬ ሳስበው ካቡ ከአባቴ ደረት አይበልጥም። ከማዶው ሰው ቢቆም አናቱ ይታይ ነበር። ልጅ ግን ያመነውን ነገር ሄዶ አይለካም።

አባቴ አፈወርቅ ይባላል። ገብስ ያርሳል፤ ጥቂት በጎችም ነበሩን። ስሙ የሚነሣው ግን በዝተት ሥራው ነው። እናቴ አማከለች የፈተለችውን የበግ ጠጉር እሱ ከቤታችን ጎን ባለችው ትንሽ ጎጆ፣ የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ ይሠራዋል። ያ ወፍራም ብርድ ልብስ በእኛ አገር ከሌለ ክረምት አይወጣም። ከመሐል ሜዳ ድረስ እየመጡ ያዝዙት ነበር። አንዲት ማግ ተዛንፋ ካገኘ፣ ሁለት ክንድ አልፏትም ቢሆን ተመልሶ ይፈታዋል።

«ማን ያየዋል አሁን ይኼን?» ትለዋለች እናቴ።

«እኔ አየዋለሁ።»

«የራስህን ስሕተት ለማየትማ ማን ብሎህ!»

እኔ እስቃለሁ፤ ማሞገሷ መስሎኝ። እሱ አይስቅም።

አንድ ቀን ፈረሳችንን ዳማን ወንዝ ወርደን ስናጠጣ ደፍሬ ጠየቅኩት።

«አባዬ፣ ከካቡ ጀርባ የምትቆጣው ማንን ነው?»

የዳማን አንገት ሲያሻሽ የነበረው እጁ ቆመ።

«ትሰሚኝ ኖሯል?»

«ሁልጊዜ እሰማለሁ።»

ፊቱን ወደ ውኃው መለሰ። «አንድ የማልወደው ሰው ነው» አለኝ። «ቤቴን የሚያፈርስብኝ።»

«ምን አድርጎህ?»

«ዕረፍት ይነሣኛል።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔም ሰውየውን ጠላሁት።

በገበያ ቀን አባቴ ይዞኝ ይሄድ ነበር። ዝተቱ በዳማ ጀርባ ይጫናል፣ እኔ ከዝተቱ ላይ እቀመጣለሁ፣ እሱ ልጓሙን ይዞ ይመራል። ገበያው ከቀና በኋላ ወደ እትዬ ጥሩሸዋ ጠላ ቤት ጎራ ይላል። ከጓዳዋ ቀጥላ ባለች ክፍል ውስጥ አራት ሰዎች በገንዘብ ካርታ ይጫወታሉ። ጨዋታው ፖከር ይባላል። ያመጡት ጋሽ ጫኔ ናቸው። እሳቸው በወጣትነታቸው በጭነት መኪና ረዳትነት አገር ሲዞሩ ኖረው፣ እግራቸው ከተሰበረ በኋላ ሞላሌ ተመልሰው እህል መነገድ የጀመሩ ሰው ናቸው። እያነከሱ ይሄዳሉ፤ ድምፃቸው ግን ገበያ ያቋርጣል።

እኔ ከእትዬ ጥሩሸዋ ጋር ደጅ ቁጭ ብዬ ቆሎ እቆረጥማለሁ። ክፍሉ በር ስለሌለው የአባቴ ጀርባና ቀኝ ጆሮው ይታየኛል። ጆሮው አንዳንዴ እንደ በርበሬ ይቀላል። ክፍሉ ስለሚሞቅ ይመስለኝ ነበር።

ሲያሸንፍ ድምፁ ይሰማኛል። «ዕድል ነው፣ ዕድል ነው» ይላል፣ እንደሚያፍር ሰው። ሲሸነፍ ግን «ዕድል ነው» ሲል አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም። ዝም ይላል፤ ጆሮው ይቀላል፤ ቶሎ ቶሎ መጫወት ይጀምራል።

«አፈወርቅ፣ እስቲ ተነሥና ንፋስ ተቀበል» ይሉታል ጋሽ ጫኔ። ከቦታው ሊያስነሡት የፈለጉ ይመስለኝና እናደዳለሁ።

እትዬ ጥሩሸዋም አንድ ጊዜ ራሷን እየነቀነቀች፣ «አባትሽ እኮ ጨዋታውን ከሁሉም በላይ ያውቀዋል፤ ክፋቱ ልቡ ናት» አለችኝ።

የልብ ሕመም ያለበት መሰለኝ። ለብዙ ቀን ሲተነፍስ አዳምጠው ነበር።

ሦስተኛ ክፍል ደብዳቤ አጻጻፍ ስንማር አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ከደብተሬ መሐል አንድ ወረቀት ገንጥዬ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«ከካቡ ጀርባ ለሚኖሩት ሰው። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። አባቴን ዕረፍት አይንሡት። ቤታችንንም አያፍርሱብን። አባቴ ጥሩ ሰው ነው፤ ቢያውቁት ይወዱት ነበር። ከሰላምታ ጋር፣ የምሥራች አፈወርቅ።»

አጥፌ ከሁለት ድንጋይ መሐል ሸጎጥኩት።

በሚቀጥለው ገበያ አባቴ ለብቻው ሄዶ ተመለሰ። ከኩበቱ ክምር ኋላ ተደብቄ አየሁት። ወደ ካቡ ሄደ፣ እጁን ድንጋዩ ላይ አሳረፈ፣ «አንተ...» ብሎ ጀመረና አቆመ። ወረቀቱን ሳብ አድርጎ አወጣው። አነበበው። ከዚያ እዚያው ካቡ ሥር ቁጢጥ አለና ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣል አደረገ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። የፊደል ስሕተት አግኝቶ የሚስቅብኝ መስሎኝ አፈርኩ።

ቤት ሲገባ ዓይኑ ቀልቷል። እጁን አናቴ ላይ ጫነ።

«ሰውየው ደብዳቤሽን አነበበው» አለኝ።

«ምን አለ?»

«እሞክራለሁ አለ።»

ሞከረም። ከዚያ በኋላ ሞላሌ በሄደ ቁጥር ከእናቴ እንዝርት ጥቁር ክር ቆርጦ ቀኝ አውራ ጣቱ ላይ ያስር ጀመር። ምንድነው ብዬ ስጠይቀው «ማስታወሻ ነው» አለኝ፤ ጨው እንዳይረሳ ይመስለኝ ነበር። ነገሩን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ለጓደኞቹ ነግሯቸው ኖሯል። «ጆሮዬ ሲግል ይህን ክር አያለሁ፤ ካየሁ እነሣለሁ፤ አትያዙኝ» ብሏቸዋል። ሲሸነፍ ክሩን ያይና ይነሣል፤ ደጅ ወጥቶ ፊቱን በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባል፤ ከእኔ ጋር ጥቂት ቆሎ ይቆረጥማል። «ዛሬስ ቀናህ?» ስለው «አልቀናኝም፤ ለማንም ይደርሳል» ይለኛል። «ለማንም ይደርሳል» የምትለዋን ቃል እንደ አዲስ ልብስ ነበር የሚለካት፤ ስትጠበው ይታወቃል።

ጎጆው ውስጥም አንዲት የተዛነፈች ማግ ሳይፈታ አለፈ። እናቴ አይታ አማተበች። «ደኅና ነህ ግን?» አለችው። ያን ቀን ሁለቱም ሳቁ። በቤታችን ሁለቱም አንድ ላይ ሲስቁ ያየሁት ያን ሰሞን ነው፤ በደብዳቤዬ ኩራት አበጥኩ።

ኩራቴንም ለነፍስ አባታችን ለመምሬ ወልደ ጻድቅ ነገርኳቸው። ጸበል ሊረጩን መጥተው ነበር።

«መምሬ፣ አባዬ የሚጠላውን ሰው ዝም አሰኘሁት!» አልኳቸው።

«ማንን ነው ልጄ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ካቡን፣ ቁጣውን፣ ደብዳቤውን። አባቴ መሬት መሬት ያያል። መምሬ እሱን አይተው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ሰውየውን አትጥዪው» አሉኝ። «አባትሽም ቢሆን አንድ ቀን ይምረው ይሆናል። ያን ጊዜ ነው የሚያርፈው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አባቴን፣ «አፈወርቅ፣ ንስሐ ማለት መመለስ ነው እንጂ ራስን መደብደብ አይደለም» አሉት።

«እውነት ነው አባቴ» አለ፤ መስቀላቸውንም ሳመ።

እኔ ተቀየምኳቸው። ቄስ ሆነው እንዴት ለክፉ ሰው ያዝናሉ?

ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት የመጨረሻው ገበያ ዕለት አባቴ ሁለት ዝተት ሸጠ። አንድ ሽማግሌ ገዢ ዝተቱን በጣታቸው እየዳበሱ «እጅህ ይባረክ፤ እንዲህ ያለ ሥራ ድሮ ቀረ ስል ነበር» አሉት። ደስ ብሎት ለእኔ የፀጉር ጌጥ ገዛልኝ። አውራ ጣቱን አየሁ፤ ክሩ የለም። የዝተቱን ጥቅል ሲያስር ተበጥሶ ወድቋል።

እትዬ ጥሩሸዋ ዘንድ ገባ። ፀሐይዋ ገና አናት ላይ ነበረች። እኔ ጌጡን እየፈታሁ እያሰርኩ ስጫወት ክፍሉ ውስጥ ድምፅ ከፍ ከፍ ማለት ጀመረ።

«ተነሥ አፈወርቅ!» የጋሽ ጫኔ ድምፅ ነው። «ዛሬ የምትጫወተው ከእኛ ጋር አይደለም!»

«ካርታውን ስጥ! ስጥ ብዬሃለሁ!» ይላል አባቴ።

«ምን ቀረህና?»

«ፈረሷ አለች።»

እትዬ ጥሩሸዋ የያዘችውን ማንቆርቆሪያ መሬት አስቀመጠች።

«አላስይዝህም» አሉ ጋሽ ጫኔ።

«ፈራህ?»

«ሞኝ አትሁን፣ አንተ ሰው!»

«ሞኝማ ነኝ። ስጥ።»

ጋሽ ጫኔ ሰጡት። ካርታው ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ይሰማኛል። ከዚያ አግዳሚው ተንቋቋ፤ አባቴ ወጣ። እኔን አላየኝም። ወደ ዳማ ሄዶ ኮርቻዋን ፈታ፣ ገመዷን ይዞ መጣና ለጋሽ ጫኔ ዘረጋላቸው። እሳቸው እጃቸውን አልዘረጉም። ገመዱ ወደቀ። አባቴ አነሣውና መዳፋቸውን ከፍቶ አስጨበጣቸው።

እኔ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዳማ ገመድ በጋሽ ጫኔ እጅ ውስጥ ነው። ቤታችንን የሚያፈርሰው ሰው ማን እንደሆነ በመጨረሻ አወቅሁ።

አባቴ ኮርቻውን በትከሻው ተሸክሞ፣ እኔ ከኋላው እየተከተልኩ፣ መንገዱን በእግራችን ተመለስን። መንገደኛ ሰላም ሲለው አይመልስም። ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀሳል። «አንተ ሞኝ፣ አንተ ከንቱ፣ ክሩን አስረህ ቢሆን... አንተ ላንተ ክር ምን ያደርግልሃል?» ይላል። ሰውየውን ሲያገኘው የሚለውን የሚያጠና መሰለኝ።

እናቴ ባዶውን ኮርቻ አየች። ተመልሳ ተቀመጠችና እንዝርቷን አሾረች። ሦስት ቀን አልተነጋገሩም።

በሦስተኛው ቀን ጧት ደጅ ላይ ነበርኩ። እናቴ ውስጥ ትፈትላለች፤ የአባቴ መወርወሪያ ከጎጆው ይሰማል። ጋሽ ጫኔ ዳማን እየሳቡ በአቀበቱ ሲመጡ አየሁ። አልተቀመጡባትም። ባነከሱ ቁጥር እሷም አብራ ቆም ትላለች። በሩ ላይ ደርሰው ላባቸውን ጠረጉ።

«የምሥራች፣ አባትሽ አለ?»

«የለም።»

«እናትሽስ?»

«ውኃ ወርዳለች።»

አየት አደረጉኝ። «ከአባትሽ ጋር የምንጨርሰው ጉዳይ አለን። ሽማግሌ ሳይሰማ፣ ለብቻችን። እጠብቀዋለሁ።»

የምንጨርሰው ጉዳይ ሲሉ የቀረውን ሊወስዱ የመጡ መሰለኝ። በጎቹን፣ የሽመናውን ዕቃ፣ ምናልባት እኛንም። ዳማንም ያመጧት ሊሣለቁብን ነው። በሩ ላይ ተገትሬ ጮኽኩ።

«አባዬ እኮ ጫኔ ደጄን ከረገጠ እገድለዋለሁ ብሏል!»

«እንዲህ አለ?»

«አዎ! ዓይኑን ማየት አልፈልግም ብሏል። ሂድ!»

በሕይወቴ ታላቅ ሰውን አንተ ብዬ የተናገርኩት ያኔ ነው። ጋሽ ጫኔ ፊታቸው አመድ መሰለ። ዳማን አዞሯት። እሷ አልዞር ብላ ወደ ቤታችን እያየች አሽካካች፤ እየጎተቱ ወሰዷት።

የአባቴ መወርወሪያ ቆመ። ብቅ አለ።

«የዳማን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ።»

«የመንገደኛ ፈረስ ናት» አልኩት።

ወደ አቀበቱ አላየም። «ጆሮዬም መዋሸት ጀመረ» ብሎ ተመለሰ። አባቴን ያዳንኩት መስሎኝ ልቤ ደስ አላት።

በመጋቢት መጀመሪያ ጓሳ ተከፈተ። በዚያ ተራራ ለዓመታት ተጠብቆ የቆየው የክዳን ሣር በሽማግሌዎች ፈቃድ ለባለ ድርሻ ሁሉ ሲለቀቅ ማለት ነው። በእናቴ ወገን ድርሻ ነበረን። የቤታችን ክዳን አርጅቶ ከክረምት በፊት መለወጥ ነበረበት፤ ከእኛ ሰፈር ጓሳ ደግሞ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ሰው ሁሉ ፈረስና አህያውን ይዞ ወጣ። ጎረቤታችን በቅሏቸውን ሊሰጡት መጡ።

«አልወስድም» አላቸው አባቴ። «ፈረሱን የበላ ሰው በጀርባው ይሸከም።»

እኔ ደስ አለኝ። ጫኔ መጥቶ የእኛን ሣር ሊሸከም ነው! መንገድ ዳር ተቀምጬ ጠበቅሁ። ማምሻውን አንድ የሣር ክምር በሁለት እግር ሲመጣ አየሁ። ጎንበስ ያለው ፊት ሲቀርብ የአባቴ ነበር።

አራት ጊዜ ተመላለሰ። አንድ ቀን አርፎ አንድ ቀን ይሄዳል። እናቴ «እባክህ በቅሎውን ውሰድ» አለችው ከሁለተኛው በኋላ። «ተይኝ» አላት፤ «ይኼ ልኬ ነው።» በአራተኛው ጉዞ ጓሳ ላይ በረዶ ያዘው። ሣሩን ጥሎ ዋሻ ቢገባ ይተርፍ እንደነበር አብረውት የነበሩ ሰዎች ተናግረዋል። አልጣለውም። ሲደርስ ጥርሱ ይንገጫገጫል፤ ሣሩን አውርዶ ከቤቱ ጎን ደርድሮ፣ የተበተነውን እንኳ ለቅሞ ነው የገባው።

ሳምባውን ያዘው። ጤና ጣቢያ እንውሰድህ ሲሉት ሁለት ቀን እንቢ አለ። በሦስተኛው በቃሬዛ ወሰዱት። አልመለሰም። በሕመሙ አልጋ ላይ ምን እንዳለ እናቴን ጠይቄያት አውቃለሁ፤ ይቅርታ ይጠይቅ ነበር ብላኛለች። እሷን፣ ነርሶቹን፣ ውኃ ያቀበለውን ሰው ሳይቀር።

ከቀብሩ ማግስት ጧት ዳማ ደጃችን ላይ ታስራ ተገኘች። ያሰራት ሰው አልታየም። ከዚያ ክፉ ሰው አምልጣ መጣች ብዬ በለቀስተኛው መሐል ጨፈርኩ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ፈረሷን አየቻት፤ እንደዚያን ጊዜ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም።

እውነቱን የሰማሁት ዐሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከጋሽ ጫኔ ጋር መንገድ ላይ ስንገናኝ ነው። ሸሽቼ ላልፍ ነበር። ጠሩኝ።

«ያን ጊዜ ፈረሷን ልመልስ ነበር የመጣሁት» አሉኝ። «ከጅምሩም የአባትሽን ፈረስ አልፈለግኋትም። እገድለዋለሁ ማለቱን ስሰማ ግን... እሱ እንደዚያ ያለ አፍ አልነበረውም፤ በጣም አስቀይሜው ነው ብዬ ፈራሁ። ሁለተኛ መምጣት አቃተኝ።»

የክሩንም ነገር ያን ቀን ነገሩኝ። «ሲሸነፍ እኛን ይረሳናል» አሉኝ። «ከራሱ ጋር ይያያዛል። ከራሱ ጋር የተያያዘ ሰው ደግሞ እንዴት ያሸንፋል? ከዚያ በኋላ ካርታ አልነካሁም።»

እኔ ዋሽቼ እንደነበር ልነግራቸው ፈለግሁ። «እናቴ ትጠብቀኛለች» ብያቸው አለፍኩ። በዓመቱ ሞቱ፤ እኔ እውነቱን አስቀርቼባቸው፣ ያንን «እገድለዋለሁ» የአባቴ ቃል ነው ብለው ይዘውት ሄዱ።

ዛሬ ደብረ ብርሃን ሒሳብ አስተምራለሁ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ ተሳሳትኩ፤ ትንሽ ስሕተት፣ አንድ የመቀነስ ምልክት። ተማሪዎቹ አርመውኝ ሥቀን አለፍን። በዕረፍት ሰዓት ግን ከመማሪያ ክፍሎቹ ኋላ ሄጄ ግድግዳ ሥር ቆምኩ። «አንቺ ደደብ! አንቺ የማትረቢ! ሰው የገደልሽ! አታፍሪም?» ስል ራሴን ሰማሁት። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ በአጠገቤ ስታልፍ ደንግጣ፣ «መምህርት፣ ማን አስቀየመሽ?» አለችኝ።

በዚያው ቅዳሜ ወደ ቤታችን ሄድኩ።

እናቴ አርጅታለች፤ እጇ ግን አላረፈም። ፀሐይ ላይ ተቀምጣ የበግ ጠጉር ስታፍታታ አገኘኋት። አጠገቧ ቁጭ አልኩና ዐሥራ ሰባት ዓመት የያዝኩትን ነገርኳት፤ ጋሽ ጫኔ ደጅ መምጣታቸውን፣ ያልኳቸውን፣ አባቴ ሲጠይቀኝ የመለስኩለትን። «ፈረስ አጥቶ ያ በረዶ ያገኘው በእኔ ነው» አልኳት።

ጠጉሩን ማፍታታቷን አላቆመችም። ከዚያ እጇ ቀስ እያለ ቆመ።

«ሰምቼሻለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ያኔ። ውስጥ ነበርኩ እኮ። የጫኔንም ድምፅ ሰምቻለሁ፣ የፈረሷንም። ምን ሊያደርግ እንደመጣም ገብቶኛል። ሰው የወሰደውን ፈረስ እየሳበ በእግሩ አቀበት የሚወጣው ለምን ይመስልሻል?»

«ታዲያ ለምን አልወጣሽም?»

«ተናድጄበት ነበር፣ የምሥራች።» ወደ እኔ አላየችም። «አንቺ ስታባርሪው ደስ አለኝ። ጥቂት ቀን ይቅመሳት ብዬ ነው። ሁለት ሦስት ቀን። ከዚያ እኔ ራሴ ወደ ጫኔ ልሄድ። ነገ እሄዳለሁ ስል ጓሳ ተከፈተ ተባለ። ከዚያ ደግሞ በቅሎ ሲሰጡት እንቢ አለ፤ እንግዲያስ ብዬ እንደገና ተናደድኩ።» ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። «አንቺ ልጅ ነበርሽ። እኔስ?»

ለራሴ የምለውን ሁሉ አውቀዋለሁ። ከአንደበቴ የሚርቅ ስድብ የለም። ለእሷ ከእነዚያ ቃላት አንዱን ልፈልግላት ሞከርኩ። ሚስት ናት፤ ፈረሷን አጥታለች፤ ሦስት ቀን ተቆጥታለች። ያደረገችው ይኼ ነው። የበግ ጠጉር የያዙትን ሁለት እጆቿን እያየሁ አንድም ክፉ ቃል አጣሁ።

«ይብቃን፣ እማዬ» አልኳት።

ጠጉሩን እንደገና ማፍታታት ጀመረች። ከመንደሩ ልጆች ሲጫወቱ ይሰማል።

«ለእሱ ነበር እንዲህ ማለት የነበረብን» አለች።